የምጣዱ ሒሳብ

በደሴ ከተማ ለአንድ እድር አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የእድሩ ዳኞች ስለ መብራት ክፍያ እንድናገር ሲጋብዙኝ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ግድብና ስለ ነፋስ ማመንጫ ለመናገር ነበር። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ወጣቶችን የቤት ውስጥ ሽቦ ዝርጋታ ሳስተምር ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በጎረቤቴ ማድ ቤት ያየሁት ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ፤ ከእሱ ልጀምር።

ሐሙስ ማታ ነው። ጎረቤቴ ምጣዳቸውን ሰክተው ሊጡን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ምጣዱ ግን አልሞቅ ብሎአቸዋል። «ልጄ፣ ሸክላው ሳይደክም አልቀረም፤ ዛሬስ ዓይን እንኳ አላወጣልኝም» አሉኝ፤ በሰፌዱ ላይ ያለውን ድፍን እንጀራ እያሳዩኝ። «አብሽሩ እትዬ፣ እስቲ ልየው» ብዬ መለኪያዬን አመጣሁ። ሶኬቱ ላይ ስለካው 220 መሆን የነበረበት ቮልት፣ ማለትም የመብራቱ ግፊት፣ 178 ሆኖ አገኘሁት። በሽቦው የሚያልፈው የመብራት ፍሰት 13 አምፔር ብቻ ነበር። ሁለቱ ሲባዙ፣ 3,500 ዋት እንዲስብ የተሠራው ምጣድ የሚያገኘው 2,300 ገደማ ነው ማለት ነው። በእጄ የምጣዱን ሆድ፣ ማለትም ከታች ያለውን ላሜራ ስነካው አቃጠለኝ፤ መሰኪያውም ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ሞቆ ነበር። ሸክላው አልደከመም፤ የደከመው መብራቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቮልት ሲቀንስ የምጣድ ሙቀት በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በእጥፍ ነው የሚጎዳው፤ ምክንያቱም የምጣድ ሽቦ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቱ ጋር ሳይሆን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ከሚመጣው ቁጥር ጋር ስለሚሄድ ነው። ቮልቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ሲያጣ፣ ሙቀቱ ከሦስት እጅ አንዱን ያጣል። በዚህ ጊዜ ሸክላው የሚያገኘው ሙቀትና ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ፣ ጋጋሪዋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ቆጣሪው ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ጎረቤቴ በዚያ ማታ 25 እንጀራ ለማውጣት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሒሳቡ ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ነው። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰፈሩ ገና ሳይሰካካ፣ በዚያው ምጣድ ያንኑ ያህል እንጀራ ሲጋግሩ ቮልቱ 214 ነበር፤ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በቂ ሆነ፤ ፍጆታውም ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ወረደ። ዓይኑም ወጣ።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ማድ ቤት አይወጣም ማለት ይቻላል። የደሴ ቤተሰብ ኃይል የሚጨርሰው ምጣድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስለ ቁጠባም ሆነ ስለ ፀሐይ ኃይል የምናስበው ሁሉ በምጣዱ ተለክቶ ማለፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችንን ስልክ ቻርጀር ላይ ለምን ተዋችሁ ብለን እንቆጣለን። ስልክ አንድ ጊዜ ሙሉ ለመሙላት ከ20 ዋት ሰዓት ብዙም አይፈጅም፤ አንድ ቀን የጋገርንበት ኃይል ስልክ ከ200 ጊዜ በላይ ይሞላል። ምጣድ ስንሰካ ወደ 390 የሚጠጉ ባለ 9 ዋት አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። አምፖሉ ላይ መጠንቀቅ ጥሩ ነው፤ አሮጌውን ባለ 60 ዋት አምፖል ያልለወጠ ሰው ካለ ነገ ይለውጥ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይናችን ወደ ማድ ቤት ይሂድ።

ታሪፉ ለምን ይጨምራል የሚለውን በአጭሩ ላንሳ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል ተደረገ፤ ከዚያም ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚልና አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ መጣ። በመካከሉ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚገባው ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪና ኬብል በብር ሲሰላ ዋጋው ናረ። ታሪፉ በእርከን የተከፋፈለ መሆኑንም ልብ በሉ፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 200 እያለ እስከ 500 እና ከዚያ በላይ እርከኑ በወጣ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት ለምጣድ ብቻ በወር ከ35 እስከ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል። የመጀመሪያው እርከን በምጣድ ብቻ ሊያልቅ ምን ያህል እንደሚቀረው እናንተው አስሉት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፤ ዛሬም እንደሚነሳ አውቃለሁ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሳለ፣ ደሴ ላይ ማታ ማታ መብራት የሚደክመው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያ ግድብ የቆመው ከእያንዳንዳችን ኪስ በወጣ ገንዘብ ነውና። መልሱ ግድቡ ባለበት በጉባ የለም፣ በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ ነው ያለው። ኃይሉ ከግድቡ ተነስቶ በከፍተኛ መስመር፣ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ በሰፈር ትራንስፎርመር፣ በመጨረሻም በቀጭን ሽቦ ቤታችን ይደርሳል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቧንቧው ጠባብ ከሆነ እንስራው ቶሎ አይሞላም። አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ለተወሰነ ቤት ታስቦ ይተከላል፤ ከዚያ ቤቱ ይበዛል፣ በየቤቱ ምጣድ ይገባል፣ ሁሉም ከሥራ መልስ ማታ በተመሳሳይ ጊዜ ይሰካል። የዒድና የአረፋ ዋዜማ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አዲስ ትራንስፎርመር መጠየቅ መብታችን ነው፤ እድሩ ተፈራርሞ ማመልከቻ እንዲያስገባ እኔም እደግፋለሁ። ያ እስኪመጣ ግን የማታውን ምጣድ ወደ ረፋድ ማዛወር የቻለ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ማታ ከመጋገር ሌላ አማራጭ ለሌላት ጎረቤቱም ቮልት ይመልስላታል። ይህ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣና ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ነው።

ወደ ምጣዱ አካል ልመለስ። ምጣዳችን ምን እንደሆነ ገልብጠን ያየን ስንቶቻችን ነን? ከላይ ሸክላው አለ፤ ከሸክላው ሥር ዙሪያውን በተቦረቦረ ቦይ ሽቦው ተጠምዝዞ ገብቶ በጀሶ ይደፈናል፤ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ላሜራ። ሽቦው የሚያወጣው ሙቀት ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ የሚያዘው የለም፤ ወደ ታችም ይሄዳል። የጎረቤቴ ምጣድ ሆድ እጄን ያቃጠለኝ ያ የተከፈለበት ሙቀት ነው። ምጣድ ስትገዙ ሻጩን ከሸክላውና ከላሜራው መካከል ምን እንዳለ ጠይቁት፤ ባዶ ከሆነ ሙቀት በሚይዝና በማይቃጠል ነገር፣ ለምሳሌ እንደ ጥጥ በሚለጠጠው የመስታወት ሱፍ፣ እንዲሞላላችሁ ተነጋገሩ። ጭድ ወይም ስፖንጅ እንዳትሞክሩ፣ እሳት ነው። ወፍራም ሸክላ ረጅም ዕድሜ አለው ተብሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን ለመሞቅ የሚፈጅበትን ጊዜ በየሳምንቱ ትከፍሉለታላችሁ። እኔ ራሴ ከአንድ አውደ ጥናት የገዛሁት የመጀመሪያ ምጣዴ ውፍረቱ ሁለት ጣት ያህል ነበር፤ ማሰሻው በላዩ ላይ መጨስ እስኪጀምር ከ20 ደቂቃ በላይ እንጠብቅ ነበር። ባለቤቴ «ይኸ ምጣድ ነው ወይስ ወፍጮ?» ትለኝ ነበር፤ እውነትም ነበራት።

ምጣዱ ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት ለመሞቅ ብቻ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህም ወደ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ይህ አንዴ ብቻ ይከፈላል። በወሎ ይህን ማንም ማንንም አያስተምርም፤ እናቶቻችን በእንጨት ዘመን በአንድ እሳት የሦስት ቤት እንጀራ ያወጡ ነበር። አሁን ግን ኤሌክትሪክ ሲገባ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን ለየብቻ ማሞቅ ጀመርን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሦስት እንጀራዎች ነቅሎ በቀረው ሙቀት ማውጣት፣ አክንባሎው በደንብ የሚገጥም እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያ በሞቀው ሸክላ ላይ ቆሎውን መቁላት፣ እነዚህን ሁሉ ጎበዝ ጋጋሪዎች ከእኔ በተሻለ ያውቋቸዋል።

ስለ ሽቦ ደግሞ እኔ ላውቅ ይገባኛል። በብዙ ግቢዎቻችን ቆጣሪው በሩ አጠገብ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ከጓሮ ነው። 30 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 1.5 ሽቦ፣ ማለትም ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ተዘርግቶ 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ከተሰካበት፣ ሽቦው ብቻውን ወደ 11 ቮልት ይበላል፤ ወደ 180 ዋት ግድግዳ ውስጥ ግድግዳውን እያሞቀ ይቀራል። በባለ 4 ሽቦ ቢሆን ኪሳራው ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሚቀልጠው ሶኬት፣ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስቲክ የተጠቀለለው መቀጠያ፣ ጠቆር ያለው መሰኪያ፣ ሁሉም በቆጣሪው የሚቆጠር ሙቀት የሚያወጡ ናቸው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መንዘሩ ነው። «ምጣዴ ይነዝረኛል» ብለው ጣውላ ላይ ቆመው የሚጋግሩ እናቶች አሉ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ምጣዱ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም ማለት ነው፣ ይገድላልም። ከቁጠባው ሁሉ በፊት ይህ ይሠራ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ አከራዮችም ተከራዮችም በዚህ አዳራሽ ስላላችሁ በግልጽ ልናገር። በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። የአራቱ ፍጆታ ተደምሮ ሲቆጠር የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ግቢው በጠቅላላ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ክፍል የምትኖር፣ ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ያላት ሴት የምትከፍለው ዋጋ ብቻዋን ቆጣሪ ቢኖራት ከምትከፍለው ይበልጣል። ለድሃ ታስቦ የተቀመጠው ዝቅተኛ እርከን ለእሷ አልደረሰም። አከራዩ ደግሞ ክፍያው ሲያሻቅብ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ በአምፖል ቁጥር ማስከፈል ወይም «ምጣድ መሰካት ክልክል ነው» ማለት። በአምፖል ቁጥር ሲሆን የሚቆጥብ ተከራይ ለማያውቀው ሰው ይቆጥባል፤ ስለዚህ ማንም አይቆጥብም። ምጣድ ሲከለከል ደግሞ ተከራይዋ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ትመለሳለች፣ ወይም በየቀኑ እንጀራ ትገዛለች፤ ሁለቱም ከመብራት ሒሳቡ የባሰ ወጪ ነው።

አከራዮችን ለመውቀስ አልተነሳሁም። ብዙዎቻችሁ በጡረታ ገንዘብና በሁለት ክፍል ኪራይ የምትኖሩ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በማታውቁት ምጣድ ምክንያት የሚመጣ ሒሳብ ያስደነግጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ ክልከላ አይደለም፤ መለካት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ንዑስ ቆጣሪ መግጠም ይቻላል፤ ዋጋው አንዴ የሚወጣ ነው፣ ሥራውም ለሠለጠነ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የተጠቀመበትን ያውቃል፣ ይከፍላልም፤ አከራይም ምጣድ ይፈቅዳል። በእኔ ግምት በደሴ ከአንድ ሺህ አምፖል መለወጥ ይልቅ ይህ አንድ ነገር የበለጠ ይቆጥባል፤ ሰው ያልለካውን ሊቆጥብ አይችልምና። በየግቢው ለየቤተሰቡ ዋና ቆጣሪ የሚፈቀድበት አሠራር ቢሰፋ ደግሞ ዝቅተኛው እርከን በእርግጥ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል።

ስለ እንጨትና ከሰል ጥቂት ልበል። በሀረጎ ዳገት ስትወጡ የምታዩት ባሕር ዛፍ፣ ከጦሳ ተራራ ጎን የሚወርዱት ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች፣ ይህ ሁሉ ወደ ደሴ ማድ ቤት የሚፈስ ኃይል ነው። በሦስት ጉልቻ እንጀራ ስንጋግር ከእንጨቱ ኃይል እንጀራው ላይ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ሌላው ጭስ ሆኖ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ለከሰል ደግሞ ላቀች የተባለችው ምድጃ አለች። ኤሌክትሪክ ለሌለው ወይም ምጣድ ለተከለከለ ቤት እነዚህ ትልቅ ነገር ናቸው። ከሰል ሲቃጠል ያለው ንጽሕና እንዳያታልለን፤ በተለመደው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። የአንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ዋጋ በየክረምቱ የሚያሻቅበው ቆላው ላይ ግራሩ እየራቀ ስለሚሄድም ነው። የገጠር ዘመዶች ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ኩበት ከሚነድ ወደ ማሳ ቢመለስ የሚሰጠው ይበልጣል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃችን በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ገደማ ይፈላል። ከእኛ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ያለች እኅታችሁ ባቄላዋን ቀድማ የምታበስለው ስለዚህ ነው። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማደር፣ ከተቻለም ግፊት የሚይዘውን ድስት መጠቀም እዚህ ደሴ ከቆላው ይልቅ ጥቅሙ ይጎላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ከፍ ማድረግ ውኃውን ያተናል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም።

ወደ ፀሐይ ኃይል ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ለመስማት እንደ መጣችሁ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፀሐይ ምጣዳችሁን አይሰካላችሁም። አንድ ባለ 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ቀን ከባትሪና ከመቀየሪያ (ኢንቨርተር) ኪሳራ በኋላ ወደ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ለመጋገር ሦስት ያህል ሰሌዳ ሙሉ ቀን ሠርተው፣ ኃይሉ ማታ እንዲቆይ ባለ 200 አምፔር ሰዓት አራት ያህል የእርሳስ ባትሪ ያስፈልጋችኋል፤ እነዚህን ባትሪዎች ከግማሽ በላይ ማራገፍ ዕድሜያቸውን ያሳጥራልና። ይህን የሚሸጥላችሁ ሰው ምጣድ ይሠራል ካላችሁ በወረቀት አስልቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ታዲያ ፀሐይ ለምን ትጠቅማለች? ለሁለት ነገር። አንደኛው የሻወር ውኃ ነው። 80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ያ አንድ ጊዜ ከመጋገር ጋር ይቀራረባል፣ ማሞቂያ ባለው ቤት ደግሞ በየቀኑ ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ባትሪም መቀየሪያም አይፈልግም፤ ቱቦና ጋን ብቻ ነው። ለሆቴሎች፣ ለጤና ተቋማትና ለተማሪ መኖሪያዎች ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚመልስ ሥራ አላየሁም። ሁለተኛው መብራት፣ ስልክ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ነው፤ ለእነዚህ አንድ ሰሌዳና አንድ ደህና ባትሪ ይበቃል። ብርዳችንም እዚህ ይጠቅመናል፤ ሰሌዳ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የደሴ ቀዝቃዛ ጥርት ያለ የበጋ ቀን ለሰሌዳ የተመቸ ነው። ወደ ደቡብ አዘንብላችሁ ግጠሙት፤ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ግን ምርቱን እንደሚቀንስ አስቀድማችሁ እወቁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ መስመሩ በጠቅላላ በጠፋበት በዚያ ኅዳር፣ ትንሽዬ የፀሐይ መብራት የነበራቸው ቤቶች የስንት ጎረቤት ስልክ እንደ ሞሉ፣ ለአራስ ቤት መብራት እንደ ሰጡ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ የፀሐይ መብራት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት አልተሰላም።

ስለ አገሪቱ በጥቅሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ልጨምር። መብራታችን ከመቶ ከ90 በላይ ከውኃ የሚመጣ ነው። ይህ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በዝናብ የሚታመን ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ሲጎድሉ መብራት በፈረቃ እንደ ነበር ያልረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ነፋስ በአገራችን የሚበረታው በበጋ፣ ማለትም ወንዞች በሚቀንሱበት ወቅት ነው፤ ስለዚህ እንደ አሸጎዳና እንደ አዳማ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች የውኃው ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተረዳጆቹ ናቸው። ይህ እንዲበዛ እመኛለሁ፣ እናንተም እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ከዚያ የሚመጣው ኃይል ግን በመጨረሻ የሚደርሰው በዚያው በጎረቤቴ ሶኬት ላይ ነው።

ስለዚህ ከእድሩ ዳኞች ጋር የተስማማንበትን ልንገራችሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እኔና ሦስት ተማሪዎቼ በየቤቱ እየዞርን የምጣዳችሁን ቮልትና አምፔር፣ የመሰኪያችሁን ሁኔታና የግራውንዱን መኖር በነጻ እንለካለን። የምንመጣው ምጣድ በተሰካበት ሰዓት መሆን ስላለበት የምትጋግሩበትን ቀንና ሰዓት በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ልጅ አስመዝግቡ። ማታ የሚጋግሩ «ማታ» ብለው ያስመዝግቡ፣ አታፍሩ፤ የማታው ቁጥር ነው ከትራንስፎርመሩ ማመልከቻ ጋር የሚያያዘው። ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም የሚፈልጉ አከራዮች ደግሞ አሁን እዚሁ ወደ እኔ ይምጡ፤ ከተከራዮቻችሁ ጋር አብራችሁ ብትመጡ ይመረጣል። የጎረቤቴ ስም ከመዝገቡ አናት ላይ ተጽፏል፤ ቅዳሜ የምንጀምረው ከእሳቸው ማድ ቤት ነው።